የተዘጋው መሹለኪያ

በቅሎዋን ከነኮርቻዋ ግቢው በር ላይ ታስራ ሲያያት ሃሩን ቱግ አለ። ቱግ ለማለት ድሮም ብዙ ምክንያት አያሻውም፤ የዚያን ቀን ደግሞ ከነጋ ጀምሮ ሲጨስ ነው የዋለው። ጠዋት መብራት ጠፍቶ የብየዳ ማሽኑ ተጎልቷል። የጀመረው መስኮት ግማሹ ተበይዶ ግማሹ እንደተንጠለጠለ ቀርቷል። ባለመስኮቱ መጥቶ “ዛሬም አልደረሰም?” ብሎ ቢጠይቀው፣ ሰውየው ሁለተኛ እንዳይጠይቅ የሚያደርግ መልስ ሰጥቶ ሸኝቶታል። በኅዳር የመካነ ሰላም ነፋስ አቧራውን ይዞ ሲነሳ ሰው ሁሉ ፊቱን ሸፍኖ ያልፋል፤ ሃሩን ግን አቧራውንም ይሳደባል።

በቅሎዋን ያውቃታል። የሚስቱ አጎት፣ የአብዱራህማን ናት፤ ከከላላ ወዲህ ካለች ገጠር ነው የምትመጣው። አብዱራህማን ለጥየቃ ሲመጡ በሚኒባስ ነው የሚመጡት። ኮርቻው ላይ ደግሞ ወፍራም ቡሉኮ ታጥፎ ተነጥፏል። አብዱራህማን ዕድሜያቸውን ሙሉ በደረቅ ኮርቻ የሄዱ ሰው ናቸው፣ ለራሳቸው ቡሉኮ አያነጥፉም።

“ሊወስዷት ነው” አለ ሃሩን፣ ለማንም ሳይሆን ለበቅሎዋ።

የግቢውን በር ራሱ ነው የሠራው። ወፍራም ላሜራ፣ ከላይ እስከ ታች ድፍን፣ ቁልፉ ከውጭም ከውስጥም የሚሠራ። አንዱ ቁልፍ ከኪሱ አይለይም፤ ሌላው ቤት ውስጥ ሚስቱ ጠይባ እጇ የሚደርስበት ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ምናልባት ክፉ ነገር ቢመጣ ተብሎ። አሁን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ማን እንደከፈተው ለማሰብ ግን ሃሩን ጊዜ አልነበረውም፤ እየተቆጣ ነበር።

ጠይባ ከታመመች አራተኛ ዓመቷ ነው። መጀመሪያ አንድ ዓይኗ ጭጋግ ለበሰ፣ በሳምንታት ውስጥ ለቀቃት። ቀጥሎ እግሮቿ ደነዘዙ፣ እሱም ለቀቃት። የሰው ዓይን ነው ያለ አለ፣ የሚጋልባት ነገር አለ ያለም አለ። ደሴ ወሰዳት፤ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ላኳቸው። እዚያ ጭንቅላቷን በትልቅ ማሽን አንስተው ሐኪሙ ሁለቱንም አስቀምጦ ነገራቸው። መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል አለ። ሰውነቷ የራሱን ነርቭ እያጠቃ፣ የነርቩን ልባስ እንደ ሽቦ ፕላስቲክ ይልጠዋል። በተለይ ሙቀት አይስማማትም፤ ሲሞቃት እግሯም ዓይኗም ይከዷታል፣ ሲቀዘቅዝላት ይመለሳሉ።

የሽቦው ነገር ለሃሩን ቶሎ ገባው። ጅዳ ሆኖ ብየዳ ከተማረ ጀምሮ ስንት የተላጠ ሽቦ በቴፕ ጠቅልሏል። ያልገባው፣ ይሄኛው አይጠቀለልም መባሉ ነው። “መድኃኒቱ እንዳይብስባት ያግዛል እንጂ አያድናትም” አለ ሐኪሙ። ሃሩን ከዚያ ክፍል የወጣው ተቆጥቶ ነው፤ ተቆጥቶ እንደወጣም ይኸው ይኖራል።

ደግሞ በሽታው ቁርጡ አይታወቅም። አንድ ቀን ጠይባ ግቢውን ጠርጋ፣ እህል አበጥራ፣ አላፊ አግዳሚውን ስታስቅ ትውላለች። ሰው አይቷት “ዛሬማ ድናለች፣ አልሀምዱሊላህ!” ይላል። በማግስቱ ከአልጋ ወርዳ መቆም ያቅታታል። “ውይ ምስኪን!” ይላል ያው ሰው። ሃሩን ድናለች የሚለውንም ምስኪን የሚለውንም እኩል ነው የሚጠላው። መስጊድ ደጃፍ “ሰብር አድርግ” ሲሉት ጥርሱን ነክሶ ያልፋል። አንድ ጓደኛው፣ ያውም በቅን ልቦና፣ “ወላጆቿ ዘንድ ትረፍ፤ አንተም ገና ወጣት ነህ፣ ልጅ እንኳ አልወለድክ፣ ሌላ አግባ” ቢለው፣ የያዘውን ብርጭቆ ግድግዳው ላይ አላትሞት ነው የወጣው። ከዚያ ወዲህ ያንን ሰው ሲያይ መንገድ ይለውጣል።

እጁ ግን ሥራ አልፈታም። ከአልጋዋ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ እየያዘች የምትሄድበት የብረት ድጋፍ በየደው። ልብሷን ያጥባል። ጠጉሯን ያበጥራል፤ ማበጠር አይችልበትም እንጂ። ጎረቤቱ “እንዲህ ያለ ባል የት ይገኛል!” ብሎ ያደንቅ ነበር፣ የወይባው ቀን እስኪመጣ ድረስ።

ወይባ ሴቶች ገላቸውን የሚታጠኑት የእንጨት ጭስ ነው፤ ነገሩ እንዲህ ሆነ። ባለፈው ክረምት መውጫ ሃሩን የአንድ ትልቅ ቤት መስኮቶች ሊገጥም ወረኢሉ ሄዶ ጥቂት ቀን ሰነበተ። ሲመለስ ግቢው በጭስ ታፍኗል። ጓዳ ሲገባ፣ የወይባው እንጨት ጉድጓዱ ውስጥ ካለው ማሰሮ ይጨሳል፣ ጠይባ ቅቤ ተቀብታ በጋቢ ተጠቅልላ በላብ ተነክራ መሬት ላይ ተዘርራለች፣ የሰፈር ሴቶች ከበዋት ይንጫጫሉ። እግሯ አይንቀሳቀስም። ዓይኗ ተከፍቶ አያይም። ከራስጌዋ በርከክ ብላ ፊቷን የምትጠርገው የጎን ጎረቤቷ በዛች ናት።

ሃሩን እሳት ጎረሰ። ማሰሮውን አንስቶ ከደጁ ድንጋይ ላይ ከሰከሰው። ሴቶቹን በስድብ አካልቦ አስወጣቸው፤ በዛች ነጠላዋን እንኳ ሳታነሳ በባዶ ራሷ ወጣች። “ልትገድሏት ነው! ገዳዮች!” እያለ ሰፈሩን አናጋው። በዛች በየቀኑ የምትገባበት፣ በሁለቱ ግቢ መካከል ያለ የአጥር መሹለኪያ ነበር። በማግስቱ ላሜራ አምጥቶ ከብረት ቋሚዎች ጋር በየደና ደፈነው። የግቢውንም በር ቆልፎ መሄድ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ሴት ግቢውን አልረገጠችም። ሃሩን ትክክል ነኝ ባይ ነበር፤ ሐኪሙ ሙቀት አይንካት አላለም?

እንግዲህ ይኼን ሁሉ ተሸክሞ ነው በቅሎዋን አልፎ ቤቱ የገባው።

የጠይባ እናት እትዬ ዘሃራ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጠው የልጃቸውን ልብስ በሻሽ ይቋጥራሉ። አብዱራህማን ከመደቡ ጫፍ፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ጠይባ ጫማዋን አድርጋ አልጋው ላይ ተቀምጣለች።

“ማን ፈቀደላችሁ?” አለ ሃሩን ከበሩ ሳያልፍ።

“ሰላምታ ይቅደም፣ ሃሩን” አሉ አብዱራህማን።

“ምን ሰላም አለ! ሚስቴን ልትወስዱ በቅሎ ጭናችሁ መጥታችሁ ሰላምታ ይቅደም? ጨክኜባታለሁ? ፈትቻታለሁ? ወይስ ራበኝ ብላለች?”

እትዬ ዘሃራ መቋጠራቸውን አላቆሙም። “አንተ አልከው እንጂ ከማን አፍ ወጣ፣ ልጄ። የታመመች ሴት እናቷ ቤት ታርፋለች፣ ነውር የለውም። አንተም ትንሽ ታርፋለህ።”

“እኔ ደክሞኛል ብዬ ለማን አቤት አልኩ? ሁሉም እረፍ ይለኛል! ሞታ ቀብሬያት እንደሆነ ነው የማርፈው?” በእጁ ወደ ደጅ ጠቆመ። “በዚያ ገደል ለገደል በበቅሎ አንገላታችሁ ልትጨርሷት ነው? ቢያንስ መኪና አታገኙም?”

“መኪናውማ ይሞቃታል” አሉ እትዬ ዘሃራ። “ሰው ታጭቆ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ሙቀት ሲነካት እግሯም ዓይኗም ይከዳታል። በቅሎ ላይ ነፋስ አለ ብለን እኮ ነው።”

ሃሩን ነገሩ ከነከነው። የሙቀቱን ነገር ከሐኪሙ፣ ከእሱና ከጠይባ በቀር የሚያውቅ የለም። እሱ ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ሴቶቹን ያባረራቸው ዕለት እንኳ ጮኸ እንጂ አላስረዳም። የግቢው በርም ከውስጥ ነው የተከፈተው። ዞሮ ጠይባን አያት።

“እኔ ነኝ” አለች ጠይባ። “ደውዬ ኑና ውሰዱኝ ያልኳቸው እኔ ነኝ። በሩንም እኔ ከፈትኩላቸው።”

“አንቺ?”

“እኔ።”

“ምን አጎደልኩብሽ?” ድምፁ ቀጥኖ ወጣ፤ ያንንም ጠላው።

“ምንም አላጎደልክብኝም። ቁጣ እንኳ አላጎደልክብኝም።”

“በአንቺ ተቆጥቼ አውቃለሁ? አላህን ፍሪ! አንድ ቀን ክፉ ቃል ወጥቶኛል?”

“በእኔማ አትቆጣም። በእግሬ ነው የምትቆጣው። ብርጭቆ ከእጄ ሲወድቅ ብርጭቆውን ትሰድባለህ፣ ስደናቀፍ ምንጣፉን ትረግጣለህ። እግሬ የማን ነው፣ ሃሩን? እጄ የማን ነው?” እሷም ፊቷ ቀልቷል፤ እንዲህ ስትናገር ሰምቷት አያውቅም። “ብረት በየድክልኝ። ለሰው ሁሉ አሳየህ። ቁመቱን የለካኸው በራስህ ወገብ ነው። እሱን ይዤ ስሄድ ክንዴ እየዛለ ስንት ቀን ወደቅኩ። አንድ ቀን ይመችሻል ወይ ብለኸኝ ታውቃለህ?”

ሃሩን ብረቱን አየው። እውነትም ከእሱ ወገብ ልክ ነው።

“እና ለምን አልነገርሽኝም?”

ጠይባ አጎቷን አየቻቸው። አብዱራህማን ብልህ ሰው ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና “እስቲ በቅሎዋን ልያት” ብለው ወጡ። እናቷ ሻሹን እንደያዙ አንገታቸውን ደፉ።

“ወይባውን በዛች አይደለችም ያመጣችው” አለች ጠይባ ድምፅዋን ቀንሳ። “እኔ ነኝ የለመንኳት። ሐኪሙ ያለውን አልነገርኳትም። ብነግራት እንቢ ትለኝ ነበር።”

“አውቀሽ? እያወቅሽ ገባሽበት?”

“እያወቅኩ። ከወረኢሉ ልትመጣ ነበራ። መንገደኛ ባሏን የምትጠብቅ ሴት ወይባ ትሞቃለች፣ ገላዋ ይለሰልሳል፣ ጠረኗ ያምራል። እኔም እንደ ሰው ሚስት ልቀበልህ ብዬ ነው። አንተ መደቡ ላይ መተኛት ከጀመርክ ስንት ጊዜህ ነው? እንዳርፍ ብለህ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ጠየቅከኝ? አንድ ቀን ከጎንህ ልሁን፣ ትንሽ ቢያመኝም ይመመኝ አልኩ። አንተ መጥተህ ያገኘኸው በሽተኛ ነው። በሽተኛዋን አቀፍክ፣ ማሰሮዬን ሰበርክ፣ የሰው ሚስት በባዶ ራሷ አባረርክ። እግሬ ለማታ ተመለሰ። ሴቶቹ ግን አልተመለሱልኝም።”

ሃሩን ራሱን ያዘ። ያን ሁሉ ወር በዛችን ባየ ቁጥር ምራቁን ሲተፋ ኖሯል። ንዴቱ እንደ ወትሮው መጣ። አሁን ግን ማን ላይ እንደሚያወርደው አላወቀም።

“ያን ዕለት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?” አለ። “ያን ዕለት! ‘እኔ ነኝ’ ብትይኝ!”

“ፈራሁሃ” አለች ጠይባ።

ሃሩን ሰው ሁሉ እንዲፈራው ይፈልግ ነበር። ጎረቤቱ፣ አማካሪው፣ ምስኪን ባዩ፣ ሁሉም ፈርተውት ከእሷ እንዲርቁ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ተቀምጣ የምትሰማው ግን እሷ ነበረች። ይህ አንድም ቀን አልታየውም። አፈረ፤ አማቱ ፊት፣ ሚስቱ ፊት፣ እንደ ልጅ ጆሮው እስኪግል አፈረ።

ምንም ሳይል ወጣ። ፊቱን ያዩት አብዱራህማን ከበቅሎዋ ጎን ወደኋላ አሉ። እሱ ግን አልፏቸው ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደና ግራይንደሩን አነሳ። መብራት እንደሌለ ትዝ ሲለው መልሶ ወረወረው፤ መዶሻና መሮ ይዞ መሹለኪያው ላይ ወደበየደው ላሜራ ሄደ። የመጀመሪያውን የብየዳ ነጥብ መታው። ሰፈሩ ተደበላለቀ፣ ውሻ ጮኸ።

“ደግሞ ምን ልትደፍን ነው?” የሚል የሴት ድምፅ ከወዲያ መጣ። “አጥሩ አለቀ፣ የቀረህ ሰማዩ ነው!”

“ልከፍተው ነው፣ በዛች።”

 ከዚያ በዛች ጀመረች፤ ስትጀምር ደግሞ ያጠራቀመችው ነበር።

“አሁን! አሁን ነው የምትከፍተው? አንተ ሰው፣ እኔ ስወልድ ያረሰችኝ ጠይባ ናት! ገንፎዬን ያገነፋች፣ ልጄን ያጠበች እሷ ናት! ሙስሊም ናት ክርስቲያን ናት ተባብለን እናውቃለን? ይኼን ሁሉ ወር ሳሏን በቆርቆሮ ስሰማ ከረምኩ። አንድ ቀን ስትወድቅ ሰማሁ፤ ዕቃም አብሮ ወደቀ። ‘ጠይባ! ጠይባ!’ ብዬ ተጣራሁ። ‘ደህና ነኝ’ አለችኝ ከመሬት። ደህና ነኝ! ይኼን ላሜራህን በቡጢ እየደበደብኩ ነው ያለቀስኩት። በሩ ተቆልፏል፣ አንተ ሥራህ ላይ ነህ!”

ሃሩን መዶሻውን እንደያዘ ቆመ። ይህን መውደቋን አያውቅም።

“ምታ እንጂ ምን ያቆምሃል!” አለች በዛች።

መታ። አንዱ ነጥብ ለቀቀ። ሁለተኛው ጠንካራ ነው፤ ራሱ ነው የበየደው፣ በንዴት የበየደው ደግሞ አይለቅም። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። በዛች ከወዲያ አላቋረጠችም፤ ልጅ ሳለ ጀምሮ ግልፍተኛ እንደነበረ፣ እናቱ ነፍሳቸውን ይማርና በእሱ ስንቴ እንዳፈሩ፣ ነጠላዋን እስከ ዛሬ እንዳልመለሰላት ሁሉ ዘረዘረችለት። ሰፈርተኛው በየአጥሩ ቆሞ ይሰማል። ሌላ ቀን ቢሆን መዶሻውን ይወረውር ነበር።

“አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ” አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ እየተሰበረ። “ሙቀት እንደማይስማማት ለምን አልነገርከኝም? አውቄ ቢሆን በገዛ እጄ ወይባ አነድላት ነበር? ገዳይ አልከኝ እኮ!”

እውነቱ ምላሱ ላይ ነበር። አውቃ የደበቀችሽ እሷ ናት ማለት ይችላል፤ አንዲት ቃል ተናግሮ ከወቀሳው ግማሹን ከትከሻው ማውረድ ይችላል። ወደ ቤቱ ዞር ብሎ አየ። በሩ ክፍት ነው፤ ጠይባ ከአልጋዋ ሆና ሁሉን ትሰማለች።

“አልነገርኩሽም” አለ። “መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በዛች። አፉ በይኝ።”

 ሃሩን መሮውን አስተካክሎ መታ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። ላሜራው እየተንቋቋ ወደ እሱ ወደቀና እግሩን ሊቆርጠው ለጥቂት ሳተው። መሹለኪያው ውስጥ በዛች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ፊቷ በእንባ ርሷል፣ ዓይኗ ግን ገና አልታረቀም።

“ወግድ” አለችው። አፉ ብዬሃለሁም አላለች። አልፋው ገባች።

ከቤት ውስጥ መጀመሪያ ልቅሶ ተሰማ፣ ቀጥሎ ሁለቱ ባንድ ላይ ማውራት፣ ቆይቶ ደግሞ የጠይባ ሳቅ። ሃሩን ያንን ሳቅ ከሰማ ቆይቷል። በሷ ደስታ እንኳ ትንሽ ተናደደ፤ እሱ ሲያጥብ ሲያበጥር አንድም ቀን እንዲህ አልሳቀችለትም። ንዴቱ አሳፈረውና ውሃ ቀድቶ ፊቱን ታጠበ።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል አብዱራህማን በትራቸውን እየጎተቱ መጡ። “እንግዲህ ይመሻል፣ ሃሩን። እንጭናት ወይስ እንዴት ነው?”

“እኔን አይጠይቁኝ” አለ ሃሩን። ገባና አልጋዋ ፊት ቆመ። በዛች ጠጉሯን እየጎነጎነችላት ነው፣ ሃሩን ሦስት ዓመት ያበጠረውን ጠጉር። “ትሄጃለሽ?” አላት።

 ብዙ የሚላት ነበረው፤ ዋጠውና ጠበቀ።

“ዛሬ አልሄድም” አለች ጠይባ።

“ነገስ?”

“ነገን እንጃ። መብራት ከመጣ ብረቱን በእኔ ልክ ዝቅ አድርግልኝ።” ቀና ብላ አየችው። “በቅሎዋን አራግፋት። ኮርቻውን ግን እዚህ ቤት አስገባልኝ፣ አታርቅብኝ።”

ሃሩን ሊጮህ ቃጣው። ቤቱ ውስጥ ኮርቻ! በገዛ ቤቱ፣ በየቀኑ ሲገባ ሲወጣ እያየው! አማቱ አቀርቅረው ጠበቁ፤ በዛች እጇ ጠጉሩ ላይ ቆመ። ጠይባም ትከሻዋ ሲሸማቀቅ አየ። ሊመጣባት ላለው ጩኸት ነበር የተሸማቀቀችው።

“እሺ” አለ ሃሩን።

ወጥቶ በቅሎዋን ፈታ፣ መጫኛውን አላላ፣ ኮርቻውን ከነቡሉኮው ተሸክሞ ገባ። አሮጌ ኮርቻ ነው፣ ይከብዳል። ከበሩ ጀርባ ሊያደርገው አለና ተወው፤ ከአልጋዋ ሆና በምታይበት በኩል፣ ከደፉ አጠገብ አስቀመጠው።